አመስግነህ ጀምር

ጥቅምት 8

…ወንድም ጋሼ ትከሻው ላይ አድርጎኝ ወንዙን ሲሻገር ውኃው እግሬን ነካው። ጮህኩ። እሱ ሳቀ። ከዚያስ? ማዶ ላይ ማን ነበር የሚጠብቀን? እናቴ ትሁን አባቴ… አልመጣልኝ አለ። አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ይህንን ሳስብ መውረጃዬን አለፍኩት። በእግሬ ወደኋላ ተመለስኩ።

ቢሮ። ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። ደረጃው ላይ እንደኔ የሚያለከልኩ ሰዎች፣ ሰላምታ ለመለዋወጥ እንኳ ትንፋሽ ያጠራቸው። የኔ ሥራ ሕዝብ ማወያየት ነው። ማለቴ ውይይቱን ማዘጋጀት… አዳራሽ መለመን፣ ወንበር ማስደርደር፣ ድምፅ ማጉያ መሞከር። አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ የት ይሁን ተብሎ ሕዝብ ይጠየቃል። ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ ነፋስ ብቻ የሚኖርበት ደረቁ ሜዳ። ሌላው ኮረብታው ሥር ያለው መንደር። የተወለድኩበት። ወንድም ጋሼ ወፍጮ ቤቱን ይዞ እስከ ዛሬ ያለበት።

ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዎች አንድ ትልቅ ነገር ተሸክመው ገቡ። በመስታወት የተሸፈነ ሞዴል። ትንንሽ አውሮፕላኖች፣ ትንንሽ ዛፎች፣ ጥፍር የምታክል መኪና። ኮረብታውን በቅርፁ አወቅሁት፤ ጫፉ ተቆርጧል።

“ይሄ የኮረብታው ቦታ ነው እንዴ?” አልኩት ኃላፊያችንን።

“ለጊዜው።”

ሁሉንም ነገር “ለጊዜው” ስለሚል ስሙም ለጊዜው ሆኖ ቀርቷል። በሌለበት፣ እርግጥ።

“ጥናቱ ሜዳውን አይደል የመረጠው? ደግሞ ገና ሕዝቡን አላወያየንም።”

“እናወያያለና! ማን ከለከለሽ?”

አጠገቤ የምትቀመጠው ፕላን ነዳፊዋ ጣቷን ወደ ጣሪያው ቀሰረች። ከላይ፣ ከትልቁ ባለሥልጣን የመጣ ነው ማለቷ ነው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ሰውየው የተወለደባት ከተማ ከኮረብታው ማዶ አይደለች? እናቱን ሊጠይቅ በመኪና መንገላታት ሰልችቶታል፤ እዘኚለት እንጂ” አለችኝ።

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ?

ጥቅምት 9

ሣር። ሞዴሉ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤቱ ያለበት ቦታ ላይ ሣር ለጥፈዋል። በሙጫ።

ጥቅምት 11

ወንድም ጋሼ ደወለ። ከኋላው ወፍጮው ይጮሃል፤ እሱም እየጮኸ ነው የሚያወራው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ነው የምሰማው።

“ሚጢ! ተወስኗል ይላሉ እኮ።”

“ማነው ያለው?”

“ወፍጮ ቤት የማይወራ ምን አለ ብለሽ ነው። እህሉ ሳያልቅ ወሬው ያልቃል… እውነት ነው እንዴ?”

“አልተወሰነም።”

ወፍጮው ብቻ።

“እርግጠኛ ነሽ?”

“ውይይቱ ለምን ሆነና? መጥተህ ተናገር። አንተን ይሰማሉ።”

“እኔ? ስብሰባ ላይ ላብ ያጠምቀኛል። አባባ ሲድረኝ እንኳ አንድ ቃል አልወጣኝም፤ እሷ ትመስክር።”

ሚስቱ ከሩቅ የሆነ ነገር ስትል ተሰማኝ። ተሳሳቁ።

መከርኩት። አመስግነህ ጀምር አልኩት። ከሩቅ ስለመጣችሁ በል፣ ልማት አንጠላም በል። በቁጣ የጀመረ ሰው ሲመጣ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። መጀመሪያ ምስጋና፣ ከዚያ “ግን” ትላለህ። ከ“ግን” በኋላ የፈለግኸውን።

“አመስግኜ፣ ከዚያ ግን” አለ። ደጋገመው፣ እንደ ተማሪ።

አልተወሰነም ማለቴ ውሸት ነው? የተፈረመ ነገር የለም። ሞዴል ፊርማ አይደለም። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ እምቢ ካለ፣ ዜናው ከወጣ፣ ሰውየውም ቢሆን ሊያፍር ይችላል። ሊያፍር አይችልም?

ጥቅምት 15

ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ደግሜ አነሳሁ። ምን ብዬ?

ጥቅምት 19

የውይይቱ ቀን። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ። እኔ የተማርኩበት ነው፤ ጣሪያው አሁንም ያፈሳል። ዝናብ ባይኖርም ግድግዳው ላይ የእርጥበቱ ቅርጽ እንደ ካርታ ይታያል። ሰው ሞልቶ መስኮት ላይ ተቀመጠ። ኃላፊያችን ለጊዜው መድረክ ላይ ውኃ ይጠጣል። ካሜራማኑ፣ ስንት ዓመት አብረን የዞርን ሰው፣ ግድግዳ ተደግፎ ያዛጋል።

ወንድም ጋሼ ኮት ለብሶ መጣ። የሠርጉ ኮት ሳይሆን አይቀርም፣ ቁልፉ አልገጥም ብሎታል። ፀጉሩ ላይ ዱቄት ነበር። ላራግፍለት እጄን አነሳሁና ተውኩት፤ ሰው ያያል። እዚህ የመጣሁት የመንግሥት ሰው ሆኜ ነው።

ተራው ሲደርስ ተነሳ። “እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሩቅ ደክማችሁ መጥታችሁ ስለጠየቃችሁን እናመሰግናለን። ልማት የሚጠላ ሰው የለም። አውሮፕላን ደጃችን ሲያርፍ ለማየት እኛም እንጓጓለን።” የመጨረሻዋን እኔ አልነገርኩትም። ከራሱ ጨመራት። ጨዋ ነው።

ካሜራማኑ ካሜራውን ከትከሻው አወረደ።

አየሁት። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ከእያንዳንዱ ተናጋሪ መጀመሪያውን ይወስዳል፤ ለዜና እሱ ይበቃል ይላል። ይህንን አውቃለሁ። ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ስልክ ላይ ሳለሁ እንዴት አልመጣልኝም?

“ግን…” አለ ወንድም ጋሼ። ከዚያ እንዴት ያለ ንግግር ተናገረ! ሙታኖቻችን እዚህ ናቸው አለ። ምንጩ እዚህ ነው። ባዶ ሜዳ እያለ ሰው ያለበትን ማፍረስ ለማን ብላችሁ ነው አለ። “ጠየቃችሁን፤ መልሳችን አይሆንም ነው።” አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ። ካሜራማኑ ያኔ ነቃና የሚያጨበጭበውን ሰው ቀረጸ።

ለጊዜው፣ “አስተያየታችሁን በግብዓትነት እንወስደዋለን” ብሎ ዘጋ።

ውጭ ወንድም ጋሼ ወደኔ መጣ፤ አንገቱ በላብ ርሷል።

“እንዴት ነበርኩ?”

“ጎበዝ።”

“‘ግን’ ላይ ድምፄ ተንቀጠቀጠ አይደል?”

“አልተንቀጠቀጠም።”

እንደ ልጅ ደስ አለው። መኪናችን ጡሩንባ ነፋ። ሄድኩ።

ጥቅምት 20

ዜናው ወጣ። “ነዋሪዎቹ ለፕሮጀክቱ ያላቸውን ሙሉ ድጋፍ ገለጹ።” ቀጥሎ የወንድም ጋሼ ፊት፣ ዱቄቱ ሳይቀር። ልማት የሚጠላ ሰው የለም… አውሮፕላን ደጃችን ሲያርፍ… እንጓጓለን። ከዚያ ጭብጨባው። “አይሆንም” ሲል የተጨበጨበለትን “እንጓጓለን” ላይ ቀጥለውታል።

ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ቁጭ አልኩ። ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሴ ፊት። ሌላ ክፍል ሄጄ ተቀመጥኩ።

ጥቅምት 23

የወንድሜ ሚስት ደወለች። ከኋላዋ ምንም ድምፅ የለም። መጀመሪያ የሰማሁት ይህንን ነው፤ ወፍጮው ቆሟል።

“ሰው ቀረ” አለች። “እህላቸውን ጭነው በደጃችን አልፈው የታችኛው ወፍጮ ይሄዳሉ። ያን ሁሉ መንገድ! ሰላም ሲላቸው ‘አብራሪው፣ እንዴት ዋልክ’ ይሉታል። ስንት ሰጡህ ይሉታል።”

“አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም እንዴ? ሲናገር አልሰሙትም?”

“የነበረውም ያልነበረውም ያው ሆነ። ከኋላ የነበሩት ድምፅ ማጉያው ይቆራረጥ ነበር ይላሉ። ከፊት የነበሩትም ‘ፊት ለፊት አንድ ተናግሮ ለጋዜጠኛው ሌላ ነግሮታል’ ይላሉ። ደግሞ እህቱ የት ነው የምትሠራው እየተባለ…”

“እሱስ ምን ይላል?”

“ምን ይላል? የቆመ ሞተር ይወለውላል። እህቴ ናት እንዲህ ብለህ ጀምር ያለችኝ ብለህ ንገራቸው አልኩት። ‘እህቴን ሰው አፍ ውስጥ አላስገባም’ አለኝ።”

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

“ታውቂ ነበር እንዴ የኔ እህት? መወሰኑን?”

“ኧረ አላውቅም” አልኩ። ቶሎ። በጣም ቶሎ።

ጥቅምት 26

ካሜራማኑን ያዝኩት። ሙሉ ንግግሩን ስጠኝ። “የቱን ሙሉ?” አለኝ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት። ያልቀረጸውን ከየት ያምጣ።

የኃላፊያችን የለጊዜው ቢሮ ገባሁ። ዜናው ይታረም አልኩ። “ለጊዜው ይቆይ።” ተናጋሪው ያለው ሌላ ነው አልኩ። “ሁሉም ሰው ብዙ ነገር ይላል፣ እህቴ።” ወንድሜ ነው አልኩት ያኔ። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ስንት ዓመት ስሠራ ስለቤተሰቤ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ቀና ብሎ አየኝ። የሚያፍር መስሎኝ ነበር።

“አትነግሪኝም ታዲያ! አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው። የካሳ ኮሚቴ ውስጥ ብናስገባውስ?”

እባክዎ አይሆንም አልኩ። አዎ፣ እባክዎ ብዬ ጀመርኩ።

ነዳፊዋ ስወጣ አየችኝና ጣቷን ወደ ጣሪያው አላነሳችም። ወንበሬን ሳበችልኝ።

ኅዳር 3

ሳይጠይቁት የካሳ ኮሚቴ አባል አድርገውታል። መንደሩ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ተነገረ አሉ። ከምስጋና ጋር።

ኅዳር 4

ሥራ አልሄድኩም። አሞኛል ብያለሁ። ምን አመመሽ ሲሉኝ ምን ልል ነው?

ኅዳር 10

ሄድኩ። ሳልደውል። አውቶቡሱ መንገድ ዳር አውርዶኝ ሽቅብ ወጣሁ። ከሩቅ የወፍጮውን ድምፅ እየሰማሁ ነበር ሁልጊዜ የምደርሰው። ዛሬ የራሴን ጫማ እየሰማሁ ደረስኩ። ማሳው መሐል ቀይ ቀለም የተቀባ እንጨት በየርቀቱ ቸክለዋል። ሰላም ያልኩት ሰው መሬት መሬት አየ። አንዲት ሴት ብቻ፣ አብራኝ የተማረች፣ “የአብራሪው እህት፣ በአየር ነው የመጣሽው?” አለችኝ። አብረዋት የነበሩት ሳቁ።

ወንድም ጋሼ ደጅ፣ የተገለበጠ ቁና ላይ ተቀምጦ የወፍጮውን ቀበቶ ይሰፋል። ለማንም የማይዞር ቀበቶ። ሳመኝ። ከስቷል። ፀጉሩ ላይ ዱቄት የለም፤ ሽበቱ ነው ያለው፤ ከዱቄቱ ለይቼው አላውቅም ነበር።

“በላሽ?”

“በልቻለሁ።”

ሚስቱ እህቷ ጋ ሄዳለች አለኝ። መቼ ትመለሳለች አልኩ። ክር በጥርሱ በጠሰ።

ሰው ልሰበስብ ነው የመጣሁት አልኩት። እኔ ነኝ እንዲህ በል ያልኩት ብዬ ልነግራቸው። ከፈለጉ ይስደቡኝ።

“ተይው።”

“ለምን እተወዋለሁ? ሰው ርቆህ እያየሁ?”

“ምን ብለሽ ነው የምትነግሪያቸው? የመከርኩት እኔ ነኝ ትያለሽ። ከዚያስ? ይጠይቁሻል እኮ።”

ምን እንደሚጠይቁኝ አልነገረኝም። መርፌውን ቀበቶው ውስጥ ወጋ፣ አወጣ።

“አውቅ ነበር፣ ወንድም ጋሼ” አልኩት። “ከስብሰባው በፊት። አልተወሰነም ስልህ አውቅ ነበር።”

ቀና አላለም። ስፌቱን ጨረሰ። ቋጠረው። በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ ጠንክሮ እንደሆነ።

“አውቃለሁ” አለ።

“ከማን ሰማህ?”

“ካንቺ ነዋ። ስልክ ላይ። ድምፅሽን መቼ አጣሁት?”

ዶሮዎች መካከላችን አለፉ። የሆነ ቦታ ውሻ ይጮሃል። ከአፌ የማይባለው ወጣ።

“ታዲያ ካወቅህ ለምን መጣህ? ለምን ተናገርክ?”

ያኔ አየኝ። አልተቆጣም። ብቻ የማያውቀው ሰው መንገድ የጠየቀው ነው የሚመስለው።

“ተናገር አልሽኛ፣ ሚጢ።”

ቀበቶውን ጠቅልሎ ክንዱ ላይ አንጠለጠለ። ቁናውን በሌላ እጁ አነሳ። ብርድ ነው፣ አውቶቡሱ ሳያመልጥሽ ውረጂ አለ። ጉልበቱን እያመመው ወደ ቤት ገባ። ተከትዬው ልገባ ተነሳሁ።

በሩ ተዘጋ።