ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ

ውድ ወዳጄ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ይቅርታ መጠየቅ ለርዕሰ መምህር አይዋጥላትም መሰለኝ።

ያንን የእቅድ ስብሰባ መቼም አትረሳውም። ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ለእያንዳንዳቸው አንድ ላፕቶፕ እንስጥ ስትል መምህራኑ ሳቁብህ። መሥሪያ ቤቶች የሚያስወግዷቸውን አሮጌዎች እንለምናለን፣ ነፃ ፕሮግራም እንጭናለን፣ ጥገናውን ለልጆቹ እናስተምራለን ብለህ በእርጋታ አስረዳህ። እኔ ግን የፈለግኩት እንግዳ ሲመጣ የሚታይ፣ አዳዲስ ኮምፒውተር የተደረደረበት አንድ ክፍል ነበር። «አሮጌ ብረት ልታሸክመን ነው እንዴ?» ብዬ በሰው ፊት አሳፈርኩህ። የእቅድህን ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ትተህ ወጣህ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ዝውውር ጠየቅህ። ፈረምኩልህ።

ክፍሉ ተሠራ፣ ሪባንም ተቆረጠ። አንድ ኮምፒውተር ለአራት ተማሪ ደረሰ። አንድ ቀን የኮምፒውተር መምህሩ ታሞ እኔ ተተክቼ ገባሁ። ከዝምታዋ የተነሣ ጓደኞቿ «ጥላ» የሚሏት ልጅ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ በሌሎቹ ትከሻ ላይ አንገቷን አስግጋ ታያለች። አንቺስ ለምን አትሞክሪም አልኳት።

«እኔ ማየት ነው የደረሰኝ» አለችኝ።

ድምጿ ውስጥ ቅሬታ አለመኖሩ አንጀቴን በላው።

የዚያን ቀን ወረቀቶችህን ከመሳቢያ አውጥቼ አነበብኩ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የትኛው ክፍል ቀድሞ ቻርጅ እንደሚያደርግ፣ ስንት ትርፍ ቻርጀር እንደሚያስፈልግ፣ ያረጀ ባትሪ የት እንደሚቀመጥ ሳይቀር አስበህበታል። በአንዱ ገጽ ዳር በእርሳስ «ቤታቸው መብራት የሌላቸው እነማን እንደሆኑ አስቀድማችሁ ጠይቁ» ብለሃል። አብሮኝ ሻይ ሲጠጣ የኖረ ሰው ይህን ሁሉ ልጅ አንድ በአንድ በልቡ ይዞ ይዞር ነበር ማለት ነው።

ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ዞሬ ለመንኩ። የሰጡን ሁሉ ይሠራል ብዬ አልዋሽህም፤ ልጆቹ ሦስቱን ፈተው ሁለት የሚሠራ ያወጡ ነበር። ያም ሆኖ ዓመቱ ሳያልቅ ለሁሉም ደረሰ።

በታደለበት ቀን ጥላ ላፕቶፑን ከፊቷ አድርጋ ሳትነካው ቆየች። «ከማን ጋር ነው የምሠራው?» አለችኝ።

«ከማንም። የብቻሽ ነው።»

በአንድ ጣቷ ስሟን ጻፈች። ቀና ብላ አየችኝና ቀጠለች። በወንበሮቹ መካከል ስዘዋወር በየላፕቶፑ ላይ ሃምሳ ሁለት ገጽ አየሁ፤ አንዱም ሌላውን አይመስልም። አንዱ የእናቱን ሱቅ ይስላል፣ አንዷ ከሒሳብ ጋር ትታገላለች። ሃያ ሰባት ዓመት አስተምሬ በእያንዳንዱ ልጅ ውስጥ ያለውን ያየሁት ያን ቀን ነው።

አንድ የማፍርበት ነገር ይቀረኛል። ከትምህርት ቢሮ ሥራውን ሊያዩ የመጡት እቅዱ የማን ነው ሲሉኝ «የእኛ» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። በማግስቱ ቢሯቸው ድረስ ሄጄ የእቅዱ ሽፋን ላይ ስምህን አስጻፍኩ። አሁን ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሊያደርሱት አንተን ይፈልጋሉ። እምቢ ብትል አልፈርድብህም።

ግን መጀመሪያ ና። በር ላይ አልቀበልህም፤ ቀጥ ብለህ ክፍል ግባ። ማንም ተነሥቶ ሰላም አይልህም፤ ሁሉም ሥራ ይዟል።

የበደለችህ ወዳጅህ፣
ርዕሰ መምህርቷ