በጨርቅ የምትነሳው መኪና

ቃሊቲ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን

ለታናሽ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የሚሌ ሙቀት እንዴት አድርጎህ ይሆን? ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ ደህና ነኝ» ማለት ወግ ነው፤ እኔ ግን ደህና አይደለሁምና በውሸት ልጀምርልህ አልፈለግሁም። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ቆማ ትሄዳለች።

ስልክህን ከቀየርክ ወዲህ የምትገኝበትን አጥቼ ነበር። ባለፈው ሳምንት የጅቡቲ መስመር ሾፌሩ ዘካሪያስ፣ ሚሌ ላይ ጎሚስታ ቤት ጎማ ስትፈታ እንዳየህ ነገረኝ። ከስቷል ወይ አልኩት። ጠቁሯል እንጂ ያው ነው አለኝ። ይህን ወረቀት በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ቢመስልህ፣ ቀኝ እጄ ተቃጥሎ በግራዬ ስለምጽፍ ነው።

አባባ የሞተበትን ጠዋት እኔ ላስታውስህ አይገባም፤ አንተ አትረሳውም። ግን አንተ የማታውቀው ነገር አለ። አራት ዓመት ሙሉ የደበቅኩህን ነው ዛሬ የምጽፍልህ።

ያን ሰሞን ጭነት የምሠራባትን መኪና ሳታስፈቅደኝ ወስደህ፣ የሳሪስ አቦ የሽንኩርት ጭነቴን አስቀርተህብኝ ነበር። ለአባባ ብከስህ፣ ልጅ ነው ተወው አለኝ። አንተ ሁልጊዜ ልጅ ነህ፤ እኔ ደግሞ ከተወለድኩ ጀምሮ ሽማግሌ ነኝ። በማግስቱ ኮፈኑን ከፍቼ አውቶማቲክ ቾኩን ነቀልኩት። ካርቡራቶሩ ጎን ያለችው ክብ ጥቁር ነገር ናት፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን የአየር መግቢያውን ክዳን ትዘጋለች፣ ሲሞቅ ቀስ ብላ ትከፍታለች። ኤሌክትሪክ የሚያመጣላትን ሽቦ ነቅዬ፣ ክዳኑን እንደተከፈተ በቀጭን ሽቦ አሰርኩት።

ከዚያ ወዲህ በብርድ ጠዋት ቁልፍ ብታዞር ብታዞር አትነሳም። የካርቡራቶሩን አፍ በጨርቅ ሸፍነህ ሞተሪኖውን በቁልፉ ሁለት ጊዜ ካዞርክ በኋላ፣ ጨርቁን አንስተህ እንደገና ማዞር አለብህ። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ማንም ሳያየኝ ነበር የማደርገው። ለምን አትነሳልኝም ስትለኝ፣ የኔን እጅ ለምዳ ነው እያልኩ እስቅብህ ነበር። ቁልፍ ከመደበቅ የተሻለ ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

አባባ ከንጋቱ ሱብሒ ሶላት ተነስቶ ደረቱን ይዞ ሲወድቅ፣ እኔ ዕቃ ልገዛ ሄጄ አዳማ ነበር ያደርኩት። ደወልክልኝ። መኪናዋ አልነሳ አለችኝ ብለህ ስትጀምር፣ እስክትጨርስ አልጠበቅሁም። ቁልፉን ማን ሰጠህ፣ እጅህን አንሳ ብዬ ዘጋሁብህ። እንደገና ደወልክ፤ አላነሳሁም። ሦስት ጊዜ ደወልክ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስምህን እያየሁ ተውኩት። «ጨርቅ ሸፍንበት» ማለት ሁለት ቃል ነው፣ ወንድሜ። ሁለት ቃል ነበር የነፈግኩህ።

ባትሪው እስኪሞት አዞርክ፣ ገፋህ፣ እንደገና አዞርክ። ጎረቤታችን አሰለፈች ሚኒባስ ለምና እስክታመጣ ረፍዶ ነበር። ሐኪሙ፣ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ቢሆን ያለውን አንተም ሰምተሃል። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ፣ ልጁ ነው ቤንዚን አጠጥቶ ያበላሻት፣ ረጋ ብሎ ቢሆን ትነሳ ነበር አለ። እማዬም ያችን ቃል ወረወረችብህ፤ አባትህን የበላኸው አንተ ነህ አለችህ። እኔ ምንጣፉ ላይ ከጎንህ ተቀምጬ ነበር። ዝም አልኩ። ሰደቃው እንዳለቀ ልብስህን በፌስታል አንጠልጥለህ ስትወጣም ዝም አልኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔን እውነት ያጠራው እሳት ነው። ባለፈው ወር ሞተሩ እያሳለ ሳለ ጨርቁን ላነሳ እጄን ስሰድ፣ ካርቡራቶሩ እሳት ተፋብኝና ቤንዚን የነካው ጨርቅ እጄ ላይ ነደደ። ባለፈው ሰኞ፣ እጄ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ በሌላው እጄ ቾኩን መለስኩት። የታሰረውን ሽቦ ፈታሁ፣ የዛገውን ጫፍ ፍቄ ኤሌክትሪኩን ቀጠልኩ፤ የቾኩን ሦስት ብሎኖች አላልቼ፣ ክዳኑ በብርድ እስኪገጥም አዞርኩና አጠበቅሁ። ሞተሩን አስነስቼ ክዳኑ እየሞቀ ቀስ ብሎ ሲከፈት ቆሜ አየሁት። የፈጀብኝ ግማሽ ሰዓት ነው። መንገድ ላይ ኮፈኑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ሰው ለእጄ መስሎት አይዞህ አለኝ።

በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ግቢ ውስጥ ቁልፉን አንድ ጊዜ ባዞር ተነሳች። እማዬ ሙሰብሓዋን እየቆጠረች በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዛሬስ ጨርቁ የት ሄደ አለችኝ። አንተ ከሄድክ በኋላ ጨርቁን መደበቅ ትቼ፣ ስትጠይቀኝ ያረጀች መኪና ስለሆነች ነው ብዬ ስለነገርኳት፣ እስከዚያ ቀን የዕድሜ ነገር ይመስላት ነበር። ተነቅሎ የነበረ ነገር ቀጠልኩላት አልኳት። እንግዲያ ማንም ያስነሳታላ አለች። ማንም አልኳት። መቁጠሯን አቆመችና፣ ማን ነበር የነቀለው ብላ ጠየቀችኝ። ልዋሽ እችል ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ።

አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። ተነስታ ገባች። ከዚያ ወዲህ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ ምግብ ታቀርብልኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ትናንት ብቻ፣ ልጄን ጥራልኝ፣ ሳልሞት የምጠይቀው ይቅርታ አለ አለችኝ። «ልጄን» ስትል አንድ ብቻ እንዳላት ሆና ነው። አልከፋኝም ብልህ መዋሸት ይሆናል።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ያ ባንተ ጊዜ የሚሆን ነገር ነው። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ናት፣ ቁልፏም እማዬ ጋ ነው። ክፍሌን ጠርጌዋለሁ፤ መስኮቱ ፀሐይ ስለሚያገኝ ካንተ የድሮ ክፍል ይሻላል። እማዬ የጉልበቷን መድኃኒት ትረሳለችና አስታውሳት።

ዘካሪያስ ከጅቡቲ ሲመለስ ሐሙስ ሚሌ ያድራል፤ ከእሱ ጋር ተሳፈር። የጎሚስታው ባለቤት ሰው የለኝም ብሎ እንዳይይዝህ፣ ምትክ እየመጣልህ ነው በለው። ሰውዬው ካንተ በስድስት ዓመት ይበልጣል፣ ቀኝ እጁ ቢቃጠልም ጎማ መፍታት ያውቃል። ማደሪያ አይቸገርም፤ አንተ አራት ዓመት የተኛህበት ይበቃዋል።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፣ በሰላም ለእናትህ ያድርስህ።

ታላቅ ወንድምህ