ጀናዛ የሌለው ሶላት

ጅማ፣ በቾ ቦሬ
ሐሙስ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

...እና ልጅ ሳለሽ የጫማሽ ማሰሪያ ተፈትቶ፣ ጅሬን አቀበት መሃል ቁጭ ብለሽ፣ «አባ፣ ያላየኸውን እንዴት ታምናለህ?» አልሽኝ። ወንድምሽ ኡመይር ሳቀብሽ። ምን ብዬ እንደመለስኩልሽ ግን ጠፋኝ። ከጠዋት ጀምሮ እሱን እየፈለግኩ ነው፤ መልሱን ማለቴ ነው።

አፊፋ ልጄ፣ አሰላሙ ዐለይኪ። ኢስታንቡል በርዷል አሉ፤ ደርበሽ ልበሺ።

ትናንት አጋሮ ሄጄ ነበር። ከኡመይር ጋር ባሕር ሊሻገር ጀልባ የተሳፈረው ሸኩር ተመልሷል። ማድረቂያው አልጋ ላይ ቀይ ቡና ሲበትን አገኘሁት። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ሲሰምጥ አየኸው?»

«አላየሁም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን አየህ?»

«ጀልባው ሲገለበጥ። ከዚያ ውሃ። ስንወጣ እሱ የለም።»

ዛሬ ጠዋት ቤት መጥተው ሼህ አብራር ይኼ ይበቃል አሉ። ነገ ከጁምዓ በኋላ የጋኢብ ሶላት ይሰገድለት፣ ጀናዛው፣ አስከሬኑ ባይኖርም ዱዓው ይደርሰዋል አሉኝ። እስከ ዐስር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት፣ መልሴን ይጠብቃሉ። እናትሽ ከጓዳ ሰማች።

«ሼኹ ምን አስቸኮላቸው? የሰደቃው ሥጋ አማራቸው?»

ሼኹ ሳቁ። ምስኪን፣ ሌላ ምን ያድርጉ።

እሷ ኡመይር ከሄደ ወዲህ የውጭውን በር አታስዘጋም። ሲመጣ ማንኳኳት የለበትም ብላ ድንጋይ አስደግፋዋለች። ሼኹ እንደወጡ፣ «ዙህራ፣ መምጣቱን በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«አንተ አላህ መኖሩን በምን አወቅህ?»

ወረቀት አውጥቼ ላንቺ መጻፍ ጀመርኩ።

አንቺም በስልክ፣ «አባ፣ እንዳትሰግዱ! ሬሳው ሳይገኝ ሞተ አይባልም፣ ወንድሜ አለ» እያልሽ አለቀስሽ። ግን ልጄ፣ ባለፈው ረመዳን፣ ማስረጃ የሌለው እምነት ራስን ማባበል ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? አለ የምትዪው በምን ማስረጃ ነው? ልረታሽ ብዬ አይደለም። የያዝሽውን ነገር እኔም ልያዘው ብዬ ነው።

ዕድሜዬን ሁሉ ያላየሁትን አምኜ ኖርኩ። ማስረጃ አልጠየቅኩም። ስነሳ ዓለም ነበረች፣ ትንፋሽ ነበረኝ፣ በቃኝ። አሁን ለልጄ ሞት ማስረጃ እጠይቃለሁ። ለአላህ ያልጠየቅኩትን ለሞት ከጠየቅኩ፣ ያ ማመኔ ምን ነበር? ልማድ? ወይስ ሰው ያለ ማስረጃ የሚያምነው የሚወደውን ብቻ ነው? እንደዚያ ከሆነ መውደዴ መኖሩን አያሳይም። የኡመይርን መኖር። የ...

ይቅር።

ለሱጁድ ግንባሬን ስደፋ ውሃ ይታየኛል። ለእናትሽ አልነገርኳትም፤ አንቺም አትንገሪያት።

የዐስር አዛን ተጀመረ። ለሼኹ ምን እንደምል እስካሁን አላውቅም። እሺ ካልኩ የቀበርኩት እኔ ነኝ። እምቢ ካልኩ፣ ሞቶ ከሆነ፣ ልጄን ዱዓ ነፈግኩት።

አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ። ከክፉ ይሰውርሽ፣ ለወግ ያብቃሽ። ይህን ስጽፍ እጄ ቆም አላለም፤ እሱንም እንደ ማስረጃ ቁጠሪልኝ።

አባትሽ
ፋሂም

ግቢው ውስጥ የእናትሽ ኮቴ ይሰማኛል። ድንጋዩ ተንከባለለ።

በሩ ተዘጋ።