ቢጫዋ የማትገኝበት ጥግ

ይድረስ ለወዳጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። አቦምሳ ዝናቡ ገባ ወይ? የክፍሉ ጠመኔስ አሁንም ያስልሃል? እኛ አዳማዎች ደህና ነን፤ አቧራውም ቤታችንን አልረሳም። በስልክ ልነግርህ ነበር፤ አንተ «እሺ፣ ሌላስ?» ስትል ግን ሁሉም ይጠፋብኛል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ለሚኒባሱ ሹፌር ለኑሬ ሰጠሁት። እንዳይከፍተው አስምዬዋለሁ፤ እንደሚከፍተው አውቃለሁ።

ሶደሬ ያለው ያ የጨዋታ ማሽን ትዝ ይልሃል? ቢጫዋ ክብ አፏን እየከፈተች በጠባቡ መንገድ ነጥብ የምትለቅምበት፣ አራቱ መናፍስት የሚያሳድዷት? ከጎረቤታችን ከሽታዬ ጋር ሄጄ አየሁት። ሞቷል፤ የለስላሳ ሣጥን ደርድረውበታል። ሽታዬ «ለዚህ ነው ፍል ውሃ ሄደሽ ገላሽን ሳትታጠቢ የምትመለሺው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ቢጫዋ የማትገኝበትን ጥግ ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ከመናፍስቱ ቤት በስተቀኝ ከፍ ብሎ ቢጫዋን አቁመን እጃችንን እናነሳ ነበር፤ አጠገቧ ያልፋሉ፣ አያገኟትም። «ዝም ብለሽ ቁሚ፤ የቆመ አይነካም» ትለኝ ነበር። አቦምሳ ስትመደብም «ዝውውሬ እስኪመጣ ጠብቂኝ» አልከኝ፤ እኔም እንደለመድኩት ቆምኩ። ኑሬ ጓሮህ የተከልከው ማንጎ ማፍራቱን ነግሮኛል። እንኳን ደስ ያለህ።

ቴሌቪዥን ጠጋኙ ደገፋ ሽማግሌ ላከ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኦቦ ወዬሳ ጉልበታቸውን እያመማቸው «መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» ብለው በረንዳችን ላይ ቆሙ። አባዬ እንደ ወጉ ቀጠሮ ሰጥቶ ሸኛቸው። ደገፋ እስከ ቀጠሮው መጥፋት ነበረበት፤ በማግስቱ ግን «ቴሌቪዥናችሁን ልይላችሁ» ብሎ ከች አለ። ቴሌቪዥናችን ምንም አልሆነም። እማዬ «ከፈለግህ እናበላሸዋለን» አለችው።

ለካ ሽታዬ ስለ ሶደሬው ነግራው ኖሯል። የዚያኑ ጨዋታ የቤቱን ዓይነት፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካውን አሮጌ ሣጥን፣ ራሱ ጠግኖ አመጣልኝ።

የቤቱ ሌላ ነው። መንገዱ ተለውጧል፤ መናፍስቱም ብልጭ ድርግም ይላሉ። እኔ ግን አዋቂ ነኝ ብዬ ቢጫዋን እዚያው ጥግ አቆምኳትና እጄን አነሳሁ። በሏት። ደግሜ አቆምኳት፤ በሏት። ደገፋ «አንቺ ደግሞ ቆመሽ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። ስለ ጨዋታው ነው የጠየቀኝ። እሱም ቢሆን አይችልበትም፤ ይሮጣል፣ ይይዙታል፣ ይስቃል፣ እንደገና ይሮጣል።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ተመልሰው መጡ። ኦቦ ወዬሳ አሁንም ቆመው፣ በከዘራቸው ተደግፈው። አባዬ ወደ ጓዳ ገብቶ «ምን ልበላቸው?» አለኝ። ወንበር አወጣሁላቸው።

ማንጎህን ተባይ አይንካብህ። ጉሮሮህን ማር አትንፈገው። እግዚአብሔር በሄድክበት ይጠብቅህ፤ ለአንተም ደግ ሰው ያምጣልህ።

እህትህ