ከኋላዬ የነበሩት

ሜይ 4፣ 1914
ከተመረቅሁ ሳምንት ሆነኝ። ሥራ? ገና... አሁን ያለው ጀልባው ብቻ ነው። ጠዋት ቴምዝ ወንዝ ላይ ስምንት ሆነን ቀዘፍን። ሰባቱ ከጀርባዬ ተቀምጠው የኔን የመቅዘፊያ ምት ይከተላሉ። አንዴ ዞር ብዬ አየኋቸው፤ ጀልባው ተናጋ። የጀልባ ቤቱ ጠባቂ ጋርሳይድ በብስክሌት ከዳር እየተከተለን ነበር።
«ሚስተር ፔልሃም! ሚስት እየመረጡ ነው? አንገትዎን ይተዉት! መከተላቸውን ከጀልባው ግፊት በወገብዎ ይወቁ!»
ሁሉም ሳቁብኝ። ግን እውነቱን ነው።

ጁላይ 4
የጀልባ ውድድሩን አሸነፍን! ሻምፒዮን... እኔ! መዳፌ ተልጦ ብዕር አልይዝ አለኝ።

ኦገስት 20
ጦርነት። ምክትል መቶ አለቃ ሆንኩ። የመዘገበኝ መኮንን የጠየቀኝ ስለ ውድድሩ ብቻ ነው! ጋርሳይድም በአርባ ዓመቱ ተመዘገበ።
«መቅዘፊያ ተሸክመው በር ማለፍ የሚያቅትዎት ሰው፣ ብቻዎን እንዴት ይለቀቃሉ?»
ሚስቱ ኢዲት አልሳቀችም። «ይዘውት ይመለሱልኝ።»
እሺ አልኳት። ቀላል መሰለኝ...

ሴፕቴምበር 24፣ 1915፣ ፈረንሳይ
ነገ ማለዳ እናጠቃለን። ሠላሳ አንድ ሰው አለኝ። ጋርሳይድ ካልሲውን ይጠግናል። እኔ ቶሎ በነጋ እላለሁ። ለምን አልፈራሁም?

ሴፕቴምበር 27
ልጻፈው።
መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሮጥኩ። ዞር አላልኩም... መከተላቸውን በወገቤ አውቃለሁ ብዬ። የጠላት እሾሃማ ሽቦ ሳይቆረጥ ቀርቷል። የመመለሻ ፊሽካ ተነፋ፤ ከግራና ከቀኝ ያሉት ወደ ምሽጋቸው ተመለሱ። እኔ በመድፉ ጩኸት አልሰማሁም። የኔዎቹ ሰምተዋል። ግን ጀርባዬን ተከተሉ።
ሽቦው ጋ ስደርስ ዞርኩ። ከሠላሳ አንዱ የቀሩት አራት ሰው። ጋርሳይድ ተንበርክኮ ሆዱን ይዟል።
«ለምን አልጠራኸኝም?»
«ጠራሁ እንጂ... ሁለቴ። እንዳይዞሩ ያስተማርኩት እኔው ነኝ እኮ፣ ሚስተር ፔልሃም።»
ተሸክሜው ስመለስ ጀርባዬ ላይ ሞተ።

ኦክቶበር 6
ኮሎኔሉ አስጠራኝ። ልሸለም ነው። ለቆራጥነት! ሰላምታ ሰጥቼ ወጣሁ።
ለኢዲት ሦስት ደብዳቤ ጀምሬ ቀደድኩ። ሦስቱም «ሳይሠቃይ ሞተ» ይላሉ። አራተኛው፦ «ተመለሱ ተብሎ ነበር። እኔ አልሰማሁም፤ ዞሬም አላየሁም። እሱ ግን እየሰማ ተከተለኝ።»
ለጦሩ ቄስ አስነበብኩት።
«ልጄ፣ ይሄ ለሷ ምን ይረባታል?»
«አላውቅም፣ አባቴ።»
«እንግዲያው ቅደደው።»
ፖስታ ሰብሳቢው ውጭ ይጣራ ነበር። ሮጬ ደብዳቤውን ሰጠሁት።