አዲሱ ገደል ስንት ሜትር ነው?

ለውድ ወንድሜ ለራዊሪ፣

ከባሕሩ ማዶ እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? የማዕድኑ አቧራ ሳልህን አላባባሰውም? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ነው፤ ስለ እሱ ግን ረጋ ብዬ ልጻፍልህ።

የላክኸው የርቀት መለኪያ ደርሷል። በደንብ ፈትኚው፣ ከዚያ አባባ ጠመንጃውን ይያዝ ወይስ ይተው፣ እውነቱን ጻፊልኝ ብለኸኛል። ከባድ ነገር ነው የሰጠኸኝ። መዳፌ ላይ ሲቀመጥ ግን ከሳሙና አይበልጥም።

አባባ ሲያየው ሳቀ። "ራዊሪ ዓይን ገዝቶ ላከልኝ? የኔ ምን ሆነና!" አለ። ቢሆንም ማለዳ አብሮኝ ወጣ። የወቅቱ የመጀመሪያ አጋዘን ሥጋው የአክስት ሁያ ድርሻ ነው፤ ያንን ጥይት እስከ ዛሬ ለማንም አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም።

ሸለቆው አፋፍ ላይ ተቀመጥን። ቁልፉን ተጫንኩ። እንዴት ልንገርህ። ዓይን የማያየው ብርሃን ከእጄ ወጣ፣ ማንም እግሩን ያላሳረፈበትን ግራጫ ቋጥኝ ነካ፣ ዓይኔን ሳላርገበግብ ቁጥር ይዞ ተመለሰ። ደግሜ ተጫንኩ። ያው ቁጥር። ከልጅነታችን ጀምሮ ዝም ያለን ቋጥኝ ገና ዛሬ መልስ የሰጠኝ መሰለኝ።

አባባ ይገምታል፣ እኔ እለካለሁ። አሮጌው አጥር። ቀዩ ዛፍ። የወንዙ መታጠፊያ። ሁሉንም አገኛቸው። "ምን አልኩሽ አንቺ! ባትሪ የማይበላ ዓይን!" እያለ ጎኔን ጎሰመኝ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ውስጥ ግን አንድ ነገር ይፈራ ነበር።

ከዚያ ጉም መጣ። መሣሪያው አርባ ሜትር አለ። ፊታችን ምንም አልነበረም፤ የለካው ጉሙን ነው። ቅርብ ያለ እርጥብ ሣርም ያታልለዋል፣ ይህን እወቅ። አባባ "ይኸው፣ እሱም ዓይኑ ይጨልምበታል!" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ጉሙ ሲገለጥ፣ በየካቲቱ ማዕበል በተናደው ገደል ላይ አንድ ወንድ አጋዘን ቆሞ ነበር። አጓራ። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። አባባ ጠመንጃውን አስተካክሎ "ሁለት መቶ፣ አይበልጥም" ሲል አንሾካሾከ። ለካሁ። ሦስት መቶ አርባ። ጎኑን ለካሁ፣ ከበስተኋላው ያለውን አፈርም ለካሁ። ያው።

ያኔ ገባኝ። አጥሩን፣ ዛፉን፣ ወንዙን ያወቃቸው በዓይኑ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ ስለረገጣቸው ነው። ገደሉ ግን አዲስ ነው። አልረገጠውም።

ዝም ብል ይተኩሳል። ጥይቱ ዝቅ ብሎ እግሩን ይሰብረዋል፣ እንስሳው ቆስሎ ጫካ ይገባል። የአክስት ሁያ ሥጋም አብሮ ይጠፋል።

"አባባ፣ ሦስት መቶ አርባ ይላል።" አልኩት።

መሣሪያውን ወስዶ ራሱ ለካ። "ጉም ነው እንዴ?" አለኝ። ሰማዩ ጥርት ማለቱን እያየ ነው የጠየቀኝ። የለም አባባ፣ አልኩት።

ጥይቱን አወጣና ጠመንጃውን ጭኔ ላይ አኖረው። "እንኪ። ርቀቱን እኔ እጠራልሻለሁ። አንቺ ብቻ እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ።" ቁልቁል ተስበን ተጠጋን። እሱ ቁጥሩን ጠራ። አንድ ጥይት በቃ።

አክስት ሁያ ሥጋውን ስትቀበል ማን ተኮሰ ብላ ጠየቀች። "ሁለታችን" አላት፤ ወደኔ ግን አላየም።

አሁን መሣሪያውን ከእጁ አያስቀምጥም። የዶሮውን ቤት ይለካል፣ የጎረቤቱን ጭስ ማውጫ ይለካል። ትናንት አመሻሽ ላይ ከተራራው በላይ ወደ ምዕራብ፣ ወደ እናንተ አዞረው። "እስቲ ራዊሪ ጋ ይደርስ እንደሆነ" አለ። በቁጥሩ ቦታ ሰረዝ ብቻ ወጣ። ብርሃኑ አልተመለሰም ማለት ነው፣ አልኩት። "መሄዱን ግን ሄዷል" አለና ከዓይኑ ሳያነሳው ቆየ።

ባለቤትህን ፔታን ሳምልኝ። ልጆችህን፣ ትልቋን ቲያን፣ ትንሹን ማናኪን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። አክስት ሁያ ሰላም ትልሃለች፤ ሥጋው ለስላሳ ነበር በይው ብላኛለች። አባባ ሰላምታ አልላከም፤ ልኬዋለሁ፣ በመንገድ ላይ ነው ይላል።

እህትህ ማራማ
ከሩዋሂኔ ተራሮች ሥር፣ ኤፕሪል 19 ቀን 2023