ማህተም ያረፈባቸው ዘጠኝ ክቦች

ሰኞ

ፕሮግራሜ ዛሬም ቆመ። የመዝገብ ቤቷ እትዬ አስካለ ለምርጥ ዘር የመጣ ገበሬ እየመዘገበች ነበር። ኮምፒዩተሩ «መሬቱ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሰውየው ደግሞ «እሱን ሚስቴ ናት የምታውቀው፣ ከገበያ ስትመጣ ትነግራችኋለች» አለ። የኔ ፕሮግራም መልስ ካላገኘ ወደፊት አይሄድ፣ ወደኋላ አይመለስ። አጠፋነው። የጻፈችው ሁሉ ጠፋ።

ዓርብ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪዎች ሊያዩት ይመጣሉ። ግድግዳው ላይ የፕሮግራሙ ሥዕል ተሰቅሏል፦ ዘጠኝ ጥያቄ፣ ዘጠኝ ክብ፣ ከአንዱ ወደሚቀጥለው የሚወስድ ቀስት። ከሥሩ የኔ ስም፣ የኃላፊያችን የጓድ መኮንን ፊርማ። ማህተም ያረፈበት ቀን እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር። ሞኝ።

ማክሰኞ

መዝለያና መመለሻ ልጨምርበት ብዬ መሣል ጀመርኩ። እያንዳንዱ ጥያቄ ወይ ተመልሷል ወይ አልተመለሰም፤ ለእያንዳንዱ የተመለሰና ያልተመለሰ ድብልቅ አንድ ክብ ልሣል ካልኩ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ክብ ይወጣል። ሁለት ጊዜ አሰላሁት። ያው ነው።

እትዬ አስካለ፣ «እኔ ወረቀት ላይ ዘልዬ እጽፍ የለም እንዴ? ይኼ ምን ሆንኩ ይላል?» አለችኝ።

ረቡዕ

ሥዕሉ መቀየር እንዳለበት ለጓድ መኮንን ነገርኩት። «የጸደቀ ነገር አይነካም» አለ። ቀጥሎ፣ ድምፁን እንኳ ሳያነሳ፣ «ዓርብ ከቆመ አሻጥር ነው የሚሉ አይጠፉም። ባለሙያዋ አንቺ ነሽ።»

አምና ፓምፕ የተበላሸበት መካኒካችን ለጥያቄ ተብሎ ተወስዶ የተመለሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ከሰው ጋር አያወራም። ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ

ፕሮግራሙን ቀየርኩት፤ ሥዕሉን አልነካሁትም። ቀስት የሚባል የለም። ዘጠኙም ጥያቄ እንደ ቅጽ አንድ ላይ ይታያል፣ እትዬ አስካለ የፈለገችውን አስቀድማ ትሞላለች፣ የጎደለውን መጨረሻ ላይ ይነግራታል። ከእሷና ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

የምፈራው፦ መብራት መጥፋት። የዲስኩ መበላሸት። ሥዕሉን ከፕሮግራሙ ጋር የሚያስተያይ ሰው። ከሁሉም በላይ የመጨረሻውን።

ዓርብ

ሦስት ሆነው መጡ። ኦቦ ገለታ የሚባሉ ገበሬ ተጠሩ። «አካም ጅርቱ» ብለው ሁሉንም በየተራ ሰላም አሉ፣ ከዚያ መልሳቸውን ከበሬዎቻቸው ጀመሩ፣ ስማቸውን ያገኘነው መጨረሻ ላይ ነው። እትዬ አስካለ እየዘለለች ሞላች። አልቆመም።

ከሦስቱ እንግዶች ሽማግሌው ግን ተነስቶ የግድግዳውን ሥዕል ቀስቶች በጣቱ መከተል ጀመረ። «ፕሮግራሙ ይኼ ራሱ ነው?» አለ። ጓድ መኮንን መሬት መሬት ያያል።

«ዘጠኝ ጥያቄ ነው ጓድ፣ ይቁጠሩት» አለች እትዬ አስካለ።

ቆጠረ። ዘጠኝ። በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ተገላገልን ስል ሥዕሉን ከግድግዳው አስወረዱት። ባኮና ሸነን ላሉት ቢሮዎችም ኮምፒዩተር ሲገባ ፕሮግራሙ በዚሁ ሥዕል ይሠራል ብለው ጠቅልለው ወሰዱት። እሱ አይሠራም ማለት ነበረብኝ። ፈራሁ። ሸነን ላይ አንዷ ጸሐፊ «መሬቱ ስንት ነው?» ላይ ትቆማለች፣ ያኔ የማን ሥራ ነው ብለው ከሥዕሉ ሥር ስሜን ያነባሉ።